ዳኛውን በአንድ ዓይን የሳልኩበት ዓመት

ሥዕል የሚስሉ ሰዎች ዓመቱ ሲያልቅ ቁጭ ብለው ምን ሠራሁ፣ ምን ከበደኝ፣ ምን ተማርኩ ብለው ይጽፋሉ አለችኝ የልጅ ልጄ። ስልኳ ላይ አይታ ነው። አንዱ የውጭ አገር ሰው ድመቱን አቅፎ «ዘንድሮ ራሴን አገኘሁት» ብሎ ጽፏል አለችኝ። የት ጥሎት እንደነበር አልተናገረም። እኔ ራሴን አንድም ቀን አጥቼው አላውቅም፤ ጠዋት ስነሳ ጉልበቴ ሲያመኝ እዚሁ እንዳለሁ አውቃለሁ። ግን ይሁን፣ እኔም ከሠዓሊዎቹ ተቆጥሬ የለ? እኔ ልናገር፣ አንቺ ጻፊ። አታሳምሪው ብቻ።

ፊደል አልቆጠርኩም። እጄ ግን ሥራ ያውቃል። ዕድሜዬን ሙሉ ጥልፍ ስጠልፍ ነው የኖርኩት። የትራስ ልብስ በሉት፣ የአልጋ ልብስ በሉት፣ የቴሌቪዥን ማልበሻ በሉት፣ እዚህ አቃቂ በሰቃ የኔ ወፍ ያላረፈችበት ቤት የለም። ጥልፍ ሲጠለፍ ደግሞ መጀመሪያ ጨርቁ ላይ በእስክሪብቶ ይነደፋል፤ ክሩ የሚሄደው ንድፉን ተከትሎ ነው። ኋላ የመርፌዋ ቀዳዳ አልታይ ሲለኝ ጥልፉን ተውኩት። እስክሪብቶ ግን ቀዳዳ የለውም።

በራችን ላይ ዱካ አውጥቼ እቀመጣለሁ። መንገዱ አያልቅም። የከባድ መኪናው አቧራ አለ፣ የፋብሪካ ሰርቪሱ አለ፣ ወደ ማረሚያ ቤት ስንቅ ይዘው የሚሄዱት አሉ፣ ሰክሮ የሚመለሰውም አለ። ዝም ብዬ ከማይ ብዬ ያለፈ ዓመት ካሌንደር ጀርባው ላይ መሳል ጀመርኩ። አንዱን ሥዕል በሳጥን አጥራለሁ፣ ከጎኑ ቀጥሎ የሆነውን እስላለሁ። የታክሲው ረዳት ይጠራል፣ ሰው ይሞላል፣ ረዳቱ አሁንም ይጠራል፣ አንዷ ሴትዮ ሰው ላይ ትቀመጣለች።

የልጅ ልጄ ቂሊንጦ ልብስ ፋብሪካ ነው የምትሠራው። አንድ ቀን ከፈረቃ ገብታ ጫማዋን ሳታወልቅ አየችውና ጮኸች።

«እማዬ! ይሄ እኮ ኮሚክስ ነው!» እኔ ነኝ ያሳደግኳት፣ እማዬ የምትለኝ ለዚያ ነው።

«ምንድነው እሱ?»

«ሥዕል ተከታትሎ ታሪክ ሲያወራ።»

«ታዲያ የቤተክርስቲያን ግድግዳ ምን ሲያደርግ ኖሯል?»

ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔ እስላለሁ፣ እሷ ደግሞ ከሰዎቹ አፍ የሚወጣ ፊኛ አድርጋ ንግግራቸውን ትጽፋለች። እኔ እነግራታለሁ፣ እሷ ትጽፋለች። አሁን እንደምናደርገው ማለት ነው። ያኔም ታሳምር ነበር። አንዱ ሹፌር አንዱን «አንተ ደነዝ!» እንዲለው አዘዝኳት። ፊኛውን ሳየው ከአፍ እስከ ገደፉ ፊደል ሞልቶታል።

«ምን ብለሽ ነው የጻፍሽው?»

«ያልሽኝን ነዋ።»

«እኔ ያልኩት አጭር ነው። ይሄ ስድብ ነው ደብዳቤ?»

«ወንድሜ፣ ትንሽ የተሳሳትክ ይመስለኛል» ብላ ነው ለካ የጻፈችው። ማንበብ ስለማልችል የማላውቅባት መስሏታል። ስድብ ምን ያህል ቦታ እንደሚይዝ ማወቅ ደግሞ ትምህርት ቤት አይጠይቅም።

የመጀመሪያዋ መጽሐፍ የታክሲዋ ናት። ፎቶ ኮፒ ቤት ያለው ጎረምሳ አባዝቶ፣ አጥፎ፣ በሽቦ ሰፋልን። ጎረቤቴ የወሎ ሴት ናት፣ ቅመምና የቤት ዕቃ ትሸጣለች፤ ሱቋ በር ላይ ገመድ ወጥራ ከሻምፖው ጋር በልብስ መቆንጠጫ ሰቀለችልኝ። ሰው ሻምፖ ሊገዛ መጥቶ እየሳቀ ይሄዳል። የከባድ መኪና ሹፌሮች ይዘዋት ሞጆ ደረሰች አሉ። እኔ ሞጆን ካየሁ ስንት ዘመኔ!

«አሁን አንቺ ኢንዲፔንደንት አርቲስት ነሽ» አለችኝ የልጅ ልጄ።

«ምን ማለት ነው?»

«ማንም አይቆጣጠርሽም፣ ማንም አያዝሽም፣ ማንም ደሞዝ አይከፍልሽም።»

«እሱንማ ድሮም ነኝ።»

እስከዚህ ድረስ ደህና ነበርን። ነገር የመጣው በሁለተኛዋ ነው፣ በለቅሶ ቤቷ።

ለቅሶ ቤት ያየሁትን ነው የሳልኩት። ወንዶቹ ድንኳን ውስጥ ካርታ ይዘዋል። አልቃሽ እየጮኸች ስትገባ አንደኛው ሳያያት እጁን ያነሳል፣ ቆይ ጨዋታው ይለቅ ነው የሚለው። ሴቶቹ ነጠላቸውን እስከ ዓይናቸው ስበው ስለ ሟች ምራት ያወራሉ። ንፍሮ የሚያዞረው ለሚወደው በእፍኝ፣ ለማይወደው በጣት ነው የሚሰጠው። የእድሩ ዳኛ ደግሞ ይናገራል። ስለ ጠፉት ወንበሮች ይናገራል፣ ድንኳኑን ስለቀደደው ሰው ይናገራል፣ ሟቹን ረስቶታል። መጨረሻዋ ሥዕል ላይ ሬሳው ከሳጥኑ ውስጥ ያንኳኳና «ዳኛ፣ ፀሐዩ ከሯል፣ ያሳጥሩልኝ» ይላል። ፊኛው ከሬሳ ሳጥኑ ነው የሚወጣው። እሷን ሳስል ብቻዬን ስስቅ ጎረቤቴ አመማት እንዴ ብላ መጥታለች።

ሰው ወደዳት። የዚያ ሳምንት ሻምፖ የጠየቀም የለም።

ከዚያ ዳኛው መጣ። ፊት ለፊት አንቱ ነው የምለው፣ እዚህ ግን እንደ ልቤ ላውራ። ድሮ ፋብሪካ ፎርማን ነበር፤ ጡረታ ወጥቶ ሠራተኛ ሲያጣ ሟቹን ማዘዝ ጀመረ። ጸሐፊውን አስከትሎ፣ መጽሐፌን ጠቅልሎ እንደ ዱላ ይዞ በሬ ላይ ቆመ።

«ይግቡ እንጂ ዳኛ።»

«አልገባም። ይሄ ማነው?»

«ሰው ነው።»

«ማን የሚባል ሰው?»

«የእድር ዳኛ ነው። ዳኛ የሌለው እድር የት አለ?»

«ባርኔጣው የማነው?»

«ባርኔጣ ይመሳሰላል።»

«ሆዱም…» አለ ጸሐፊው ቀስ ብሎ። ዳኛው ዞር ብሎ ሲያየው የቀረውን ዋጠው።

«ይስሙኝ» አለኝ ዳኛው፤ «ባርኔጣዬን ሳሉት፣ ግድ የለም። ሆዴንም ሳሉት፣ እግዜር የሰጠኝ ነው። ንግግሬ ረዘመ ብለው ቀለዱ፣ እሱንም ለእርስዎ ትቼዋለሁ። ዓይኔ ግን የት አለ? ይቁጠሩልኝ እስቲ። ስንት ነው?»

«አንድ።»

«አንድ! አንድ ዓይን ያለው ማነው? እርስዎ ቤተክርስቲያን አይሄዱም? ግድግዳው ላይ ማነው አንድ ዓይን ያለው?»

አሁን ገባኝ። ገብቶኝ ክው አልኩ። ግድግዳው ላይ ጻድቃኑ በሙሉ ፊት ለፊት ነው የሚያዩን፣ ሁለት ዓይናቸው ቦግ ብሎ። ዲያብሎስና ገራፊዎቹ፣ ጌታን የሸጠውም፣ እነሱ ናቸው በጎን የሚሳሉት፣ አንድ ዓይናቸውን ብቻ ይዘው። ይሄን የማያውቅ ልጅ አቃቂ ውስጥ አልተወለደም። እኔም አውቃለሁ። ስስል ግን አንድም ጊዜ ትዝ አላለኝም።

ለምን በጎን እንደሳልኩት ልናገር? ጻፊው፣ ምን ትስቂያለሽ። አፍንጫ ፊት ለፊት መሳል አልችልም። በቃ። በጎን ከሆነ አፍንጫ እንደ ወፍ መንቁር ነው፣ አንድ መስመር ነው፣ ዕድሜዬን ሙሉ ወፍ ስነድፍ ኖሬ የለ? ፊት ለፊት ሲሆን ግን ከየት ተነስቶ የት እንደሚደርስ አላውቅም። ስለዚህ የሳልኩት ሰው በሙሉ በጎን ነው። ሁለት ዓይን ያላቸው አፍንጫቸው የተሸፈነ ብቻ ናቸው።

ታዲያ ይሄን ለዳኛው አልነገርኩትም። ሞጆ ድረስ የታወቅኩ ሴት፣ አፍንጫ ያቅተኛል ብዬ በሬ ላይ ቆሜ ልናገር? ክፉ ናት ይበለኝ። ክፉ መባል ያስፈራል፤ አትችልም መባል ግን ያስንቃል። ዳኛው ዝም ማለቴን እንደ ማመን ቆጠረውና ባርኔጣውን አስተካክሎ ሄደ።

የወሎዋ ጎረቤቴ ሱቋ ሆና ሁሉንም ሰምታለች። በርበሬ እየሰፈረች ነው። «ወላሂ ምን እንደሚያጨቃጭቃችሁ አልገባኝም፤ ሌላው ዓይኑ ወዲያ በኩል ነው ያለው» አለች። እሷ ግድግዳችንን አታውቀው። እንዲህ ያለ ግልጽ ነገር ደግሞ ማን ይሰማል? አንድም ሰው አልሰማትም።

ከዚያማ ሰፈሩ ዓይን ቆጠራ ገባ። መጽሐፏን ያልገዛው ተበድሮ ይቆጥራል። ሁለት ዓይን የወጣላቸው እነማን እንደሆኑ ልንገራችሁ። አንደኛው ሰካራሙ ነው፤ ብርሌውን ወደ አፉ አስጠግቶ ስለሳልኩት አፍንጫው ተሸፍኗል። ሁለተኞቹ ነጠላቸውን እስከ ዓይናቸው የሳቡት ሐሜተኞች ናቸው። ንፍሮ አዳዩ እያነጠሰ ስለነበር መሐረብ ይዟል፤ እሱም ጻድቅ ሆነ። አንድ ዓይን የወጣላቸው ደግሞ የዋሆቹ ናቸው፣ ጎረቤታቸውን ዞር ብለው «አይዞሽ» ሲሉ የሳልኳቸው።

ሰካራሙ በሬ ላይ ባለፈ ቁጥር ሁለት ጣቱን ያነሳልኛል።

«እማማ! ሁለት!»

«አየሁ ልጄ።»

«ሚስቴ አላመነችም ነበር! አሳየኋት! ግድግዳ ላይ ለጥፌዋለሁ!»

አንዷ ጎረቤቴ ደግሞ፣ ሰው ስትጠይቅ የምትውል ደግ ሴት ናት፣ አኩርፋ ሰላምታ ከለከለችኝ። በስንት ልመና «ምን አይተውብኝ ነው እማማ?» አለችኝ። ምን ልበላት? አፍንጫሽን አይቼ ነው ልበላት?

እሑድ እድሩ ተሰበሰበ። አጀንዳው እኔ ነኝ። ዳኛው ተነስቶ እድሩ ክብር እንዳለው፣ ክብሩም በፎቶ ኮፒ እንደተዋረደ ተናገረ። ከድሮ የባቡር ሠራተኞች አንዱ የሆኑ ሽማግሌ ነበሩ፤ «ሥዕል ነው፣ ተዉዋት፣ እንሂድ ምሳ እንብላ» አሉ።

«እርስዎ ምን አለብዎት?» አላቸው ዳኛው። «ሁለት ዓይን አለዎት!»

እውነቱን ነው፣ አስም ስላለባቸው ማስክ አድርገው ነው የሳልኳቸው። ሽማግሌው ማስካቸውን አስተካከሉ፤ ደስ ብሏቸዋል፣ አየኋቸው።

ተወሰነ። እስከሚቀጥለው ስብሰባ ዳኛውን በሁለት ዓይን ስዬ፣ አባዝቼ፣ የወሎዋ ሱቅ ላይ እሰቅላለሁ። ካልሆነ ከእድሩ እሰረዛለሁ።

ወጣት የሆነ ሰው ይሄን ሲያነብ ይስቅ ይሆናል። እድር ቢሰርዝሽ ምን ትሆኛለሽ ይል ይሆናል። እኔ ምንም አልሆንም፣ የሞተ ሰው ምን ይሆናል? ልጆቼ ቀድመውኛል። ያለችኝ ይቺ የምትጽፈው ልጅ ናት። የሞትኩ ቀን ይቺ ልጅ ከፈረቃ ተመልሳ ብቻዋን ከሬሳዬ ጋር ትቀመጥ? ድንኳን ማን ይተክላል? ሳጥን ማን ይሸከማል? ማን ቤት ሄዳ በር ታንኳኳለች?

ተቀመጥኩና አፍንጫ መለማመድ ጀመርኩ። የልጅ ልጄ ከስልኳ ላይ እያሳየች አስተማረችኝ። መጀመሪያ ክብ፣ ከዚያ መሐሉን በመስመር ክፈይው ትላለች። ክብ ሠራሁ፣ ከፈልኩ። ዳቦ ወጣኝ። አፍንጫውን ጨመርኩበት፣ ጓጉንቸር ቁልፍ ሆነ። ቀጭን ሳደርገው ዳኛው ማንኪያ የዋጠ መሰለ። ሰፊ ሳደርገው ፊቱ ላይ ሌላ ትንሽ ሰው የተቀመጠ መሰለ። ቀዳዳዎቹን ሳስል ደግሞ ግድግዳ ላይ ያለ ሶኬት ቁጭ! ቻርጀር ሰክተሽበት ስልክሽን ሙይ ብያታለሁ። ያበላሸሁትን ሁሉ አልጋ ሥር ካርቶን ውስጥ እከተዋለሁ። ካርቶኑ ሞላ። ካርቶኑ ውስጥ ሙሉ ዳኛ ነው፣ ሁሉም ሁለት ዓይን ያለው፣ አንዱም ሰው የማይመስል።

«ንገሪያቸው በቃ» አለችኝ። «አፍንጫ አልችልም በያቸው። ይስቁና ይተዉታል።»

«ስቀው የሚተዉ ይመስልሻል? ዕድሜ ልካቸውን ነው የሚስቁት።»

«እኔ ልሳለው እንግዲያው።»

«እና የኔ ነው ልበል?»

«እማዬ፣ ይሰርዙሻል እኮ!»

«ይሰርዙኝ።»

«የሚሰርዙት አንቺን አይደለም!» ብላ ጮኸች። «አንቺማ ትሞቻለሽ! እኔ ነኝ የምቀረው!»

ከዚያ ዞር ብላ ዩኒፎርሟን ማጠፍ ያዘች። ታጥፋለች፣ ትፈታለች፣ መልሳ ታጥፋለች። እስክሪብቶዬን አንስቼ ሌላ ጓጉንቸር ቁልፍ ሳልኩ።

ስብሰባው ደረሰ። ባዶ እጄን ሄድኩ። ተሰረዝኩ።

እንዴት እንደሚያም ያወቅኩት ከዚያ በኋላ ሰው የሞተ ዕለት ነው። ጡሩምባ ነፊው ጎህ ሲቀድ በየበሩ ይነፋል። ከወዲያኛው ቤት በር ነፋ። የወሎዋ በር ላይ ነፋ። የኔ በር ጋ ሲደርስ ጡሩምባውን ከአፉ አወረደና በጣቱ ቆሞ፣ ጫማው እንዳይሰማ እየተጠነቀቀ አለፈ። በቀዳዳ እያየሁት ነው። ቢነፋና ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ያ በጣት መሄዱ ነው አንጀቴን የበላው።

ዱካዬን አውጥቼ ሦስተኛዋን መሳል ጀመርኩ። የራሴን ቀብር።

መጀመሪያ እሞታለሁ። ማንም አይመጣም። ስጠብቅ ስጠብቅ ይሰለቸኝና ተነስቼ ጡሩምባዬን ራሴ እነፋለሁ። ድንኳኑን ራሴ እተክላለሁ፤ አንዱን ምሰሶ ሳቆም ሌላው ይወድቃል። ንፍሮውን ራሴ ቀቅዬ ለራሴ አዞራለሁ፤ «ብዪ እንጂ፣ ምነው?» እላለሁ፣ «በቃኝ፣ አልወርድልሽ አለኝ» ብዬ እመልሳለሁ። የዳኛውን ንግግር እኔው አደርገዋለሁ፤ አጭር ናት፣ ከጠቅላላው ቀብር የተሻለችው እሷ ናት። ከዚያ የሬሳ ሳጥኑን ማን ይሸከም? ውስጡ ገብቼ ከሥሩ እግሬን አውጥቼ በአስፋልቱ እሄዳለሁ። ባለ ሁለት እግር ሳጥን ነው የሚሄደው። ከባድ መኪኖቹ ክላክስ ይነፋሉ። የታክሲው ረዳት «እማማ፣ ሳጥኑ የሁለት ሰው ቦታ ይዟል!» እያለ ይጮኻል። ጎረቤቶቼ በአጥር ቀዳዳ ያያሉ። ጣቶቻቸውን ብቻ ነው የሳልኩት፣ አጥሩን የያዘ ጣት።

ራሴን የሳልኩት በጎን ነው፣ በአንድ ዓይን። ሌላ ምን አውቅና?

የልጅ ልጄ ፊኛዎቹን ስትጽፍ ሳቀች፤ ሳጥኑ ጋ ስትደርስ ግን መሳቋን አቆመች። ጨርሳ ጻፈችና «ይውጣ» አለችኝ።

ወጣ። ሰፈሩ በአንድ እግሩ ቆመ። «ሟርት ነው! ሰው እንዴት የራሱን ሞት ይስላል!» እያሉ ያማትባሉ፣ እያማተቡ ይገዛሉ። ከዚያ ሹፌሮቹ ይዘዋት ቃሊቲ ገባች። እዚያ ያሉ እድሮች ሳቁ። ዳኛው አንድ ቀብር ላይ ሲገኝ የሌላ እድር ሰው «የእናንተ ሰፈር ሟች በእግሩ ነው የሚሄድ አሉ፣ መኪና አጥታችሁ ነው?» ብሎ ጠየቀው አሉ። ሰው በተሰበሰበበት። በማግስቱ በሬ ተንኳኳ።

ብቻውን ነው የመጣው፣ ጸሐፊውንም አልያዘም። ባርኔጣውን አውልቆ በእጁ ይዞታል። አሁን ይግቡ ስለው ገባ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ስለ ዝናቡ አወራ። ስለ ቱቦው መዘጋት አወራ። የልጅ ልጄ ዕረፍቷ ነበር፣ ጥግ ላይ ቆማ ታየዋለች።

«ይሄ የሳጥኑ ነገር…» አለ በመጨረሻ።

«ምን ሆነ?»

«እግሩ ነው የከፋው። አገር ሳቀብን።»

«ሥዕል ነው፣ ዳኛ።»

«ሥዕል ነው ይላሉ። ቢሆንም እግሩ…» ባርኔጣውን አዞረ። «ደግሞ ራስዎን በአንድ ዓይን ነው የሳሉት። ስንት ቀን ሳስበው ሰነበትኩ። ክፉ ሰው ክፉ ነኝ ብሎ ራሱን ይስላል እንዴ? ምን ማለትዎ ነው? ይንገሩኝና ልረፍ።»

እውነቷ ምላሴ ላይ መጥታለች፣ አልወጣ አለች።

ያኔ ይቺ ልጅ ጎንበስ አለችና ካርቶኑን ከአልጋው ሥር ጎትታ እግሩ ላይ ገለበጠችው።

አይ የዚያን ዕለት! መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እመርጥ ነበር። ዳኛው አንዱን አነሳ። መነጽሩን አወጣ። ሌላ አነሳ።

«እነዚህ እነማን ናቸው?»

«እርስዎ ነዎት፣ ጋሼ» አለችው። «በሁለት ዓይን።»

«እኔ?»

«ሁሉም።»

ሶኬቱን ለረጅም ጊዜ አየው። ማንኪያ የዋጠውን አየው። አንዱን ወደ መስኮቱ አስጠግቶ «ይሄኛው ላይ የማለቅሰው ለምንድነው?» አለ።

«እያለቀሱ አይደለም» አልኩት፤ ከዚህ በላይ ምን ይደበቃል። «ፈገግ ያሉበት ነው። አፍንጫ በፊት ለፊት አይሆንልኝም፣ ዳኛ። በጎን ብቻ ነው የማውቀው። ተንኮል የለበትም።»

ይስቃል ብዬ ጠበቅኩ። አልሳቀም። ፊቱ ጠቆረ። ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ሰበሰበ፣ አስተካክሎ አጠፋቸው።

«እነዚህን ሌላ ሰው አይቷቸዋል?»

«ማንም።»

«ፎቶ ኮፒ አልተደረጉም?»

«የለም።»

«የወሎዋስ?»

«እሷም አላየች።»

ኮቱን ከፍቶ ወረቀቶቹን ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተ። ኮቱ አልዘጋ አለው። ተነስቶ በሩ ጋ ከደረሰ በኋላ ወደ እኔ ሳይዞር «አንዱ ዓይን ይበቃል» አለኝና ወጣ።

እሑድ ስብሰባው ላይ ቆሞ «የእማማን ጉዳይ ራሴ መርምሬዋለሁ። በደል አልተገኘም። ዝርዝሩ ለእድሩ ክብር ሲባል አይነገርም» አለ። ከዚያ ስለ ወንበሮች ቀጠለ። ገባሁ፤ የእድር ሰው ሆንኩ። የልጅ ልጄ ከፈረቃ ስትመለስ ስነግራት ወገቤን አቅፋ ቆየች። ትንሽ ልጅ ሳለች ነበር እንዲህ የምታደርገው። ይሄንንም ጻፊው፣ አትለፊው።

እንግዲህ ዳኛው ያየውን ለማንም አልተናገረም፤ እኔም አልተናገርኩም። ሰፈሩ የሚያውቀው ዳኛው ብቻውን እኔ ቤት ገብቶ፣ ኮቱን አሳብጦ፣ ጠቁሮ እንደወጣ ነው። እኔ ላይ የባሰ ፍርሃት አደረባቸው።

ከተመለስኩ በኋላ የመጀመሪያው ለቅሶ ከኋላችን ያለው ቤት ነበር፤ ባልየው ናቸው ያረፉት። እስክሪብቶዬን ቀሚሴ ውስጥ ይዤ ገባሁና ከሴቶቹ ጎን ተቀመጥኩ። ቀና ብዬ ሳይ ሰው ሁሉ ፊቱን ወደ እኔ አዙሮ፣ ለመታወቂያ ፎቶ እንደተቀመጠ ቀጥ ብሎ ያየኛል። ሁለት ሁለት ዓይን። ካርታ የያዙት ካርታቸውን አያዩም። ሐሜተኞቹ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሳይተያዩ እያንዳንዳቸው ለኔ ነው የሚያወሩት። አልቃሿ እንኳ ወደ ሬሳው ሳይሆን ወደ እኔ ዞራ ደረቷን ትመታለች። አንድ በጎን የተቀመጠ ሰው ፍለጋ ዓይኔ ዞረ። የለም። አንዲት መስመር የምስልበት አፍንጫ ጠፋ።

ወደ ጥግ ሄጄ ብቀመጥ ይተዉኛል ብዬ ተነሳሁ። አግዳሚ ወንበሩ ሙሉ አብሮኝ ዞረ። ከጥግ ወደ በሩ ሄድኩ፣ ወደ በሩ ዞሩ። ሬሳው መሐል ላይ ነው፣ ጀርባቸውን ሰጥተውታል።

ባለቤቲቱ ጥቁር ነጠላዋን እየሳበች መጥታ ጆሮዬ ጋ ጎንበስ አለች።

«እማማ፣ አንድ ነገር ልለምንዎ?»

«ምን ልጄ?»

«እባክዎ ሳጥኑ አጠገብ ይቀመጡልኝ። ለእሱ የመጣ ሰው ፊቱን ወደ እሱ ያዙርለት።»

ሄጄ ሳጥኑ ራስጌ ተቀመጥኩ። ድንኳኑ በሙሉ ወደ ሟቹ ዞረ። ያኔ ነው ልቅሶው ልቅሶ የሆነው።